የአራስ ቤት እንጨት

ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ሆኜ እንጨት ስፈልጥ ልጄ ትዕግሥት መጣች። መምጣቷን ያወቅኩት በትንፋሿ ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የካ ሚካኤል ከታክሲ ወርዳ እኛ ቤት ድረስ ያለውን ዳገት ስትጨርስ አጥሩን ይዛ ትንሽ መቆም ግድ ይላታል። ትንፋሿ ሲመለስላት እኔን አየች፣ መጥረቢያውን አየች፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረውን ፍልጥ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ትናንት በስልክ ወገቤን ወገቤን ስትለኝ አልነበር እንዴ?»

«ጥቅምት ገባ እኮ» አልኳት።

«ጥቅምት ቢገባስ? ምድጃችሁ የኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ሲሊንደር አላችሁ። ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ላንቺ ነው።»

ሳቀች። ሰሞኑን ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደገፍ አድርጋ ነው። «እኔ እኮ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ጉልቻ ልጎልት?»

እናቷ በቀለች በመስኮቱ በኩል ትሰማን ነበር። «ተዪው፤ ጥቅምት ሲመጣ የሚነሣበት ነገር ነው» አለቻት። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም፤ የያዘችውን ሰሐን ማጠቧን ቀጠለች። በቀለች ምክንያቱን ታውቃለች። ትዕግሥት ግን አታውቅም፤ ነገሩ ሲሆን ገና የቀናት ልጅ ነበረች።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም መጥቼ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። መገናኛ እንዳሁኑ ባቡር የሚያልፍበት፣ ሕንፃ ከሕንፃ የሚጋፋበት ሰፈር አልነበረም፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ በሁለቱም ደግሞ ሰልፍ ነበር። በቀለችን ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ከጎኑ በቆርቆሮ የተሠራች ማድ ቤት ነበረችን። በማድ ቤቷና በመኝታችን መካከል ያለው ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ እዚያ የተነሣ ጭስ ሳያንኳኳ እኛ ዘንድ ይገባል።

የበቀለች ወላጆች ከእኛ በላይ፣ ቤቶቹ አልቀው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጋ ነበሩ። አባቷ አባባ ጉደታ ገበሬ ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው ግን ገብስና ባቄላ ያመርቱበት የነበረው መሬት ቤት ተሠርቶበታል፤ እሳቸውም የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነዋል። በሬዎቹ ተሽጠዋል። ሞፈሩና ቀንበሩ አልተሸጡም፤ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በሁለት ችካል ላይ ተሰቅለው ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ ያወርዷቸዋል፣ አቧራቸው ይጠረጋል፣ ተመልሰው ይሰቀላሉ። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጌ «አባባ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?» አልኳቸው።

«ይቀመጥ። ያሳደገኝ ነው» አሉኝ።

እሳቸውም ሆኑ ባለቤታቸው እማማ ሎሚ አንድም ቀን አንተ ብለውኝ አያውቁም። አማች ይከበራል። እርስ በርስ ሲያወሩ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይዞሩልኛል። በሁለቱም ቋንቋ ግን እኔ አንቱ ነበርኩ። የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ በሽማግሌ አንቱ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ክብር የሚከብድ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ታኅሣሥ ላይ የበቀለች ማርገዝ ሲሰማ አባባ ጉደታ ጓሯቸው ካሉት ባሕር ዛፎች ትልቁን ጣሉት። እነሱ ቤት ልማድ ነው፤ ሴት ልጅ መጀመሪያ ስትወልድ የአራስ ቤቷን እንጨት አባቷ ይሰጣል፣ ባሏ ፈልጦ ያደርቃል። ግንዱን በመጋዝ ቆራርጠው፣ በአህያ አስጭነው ደጃችን ላይ አራገፉት።

«እርጥብ ሳለ ይፍለጡት» አሉኝ። «ቅርፊቱ እንዳለ ከተቀመጠ ውኃውን አይለቅም። እስከ ጥር ተፈልጦ ካለቀ፣ ፀሐይና ነፋስ ካገኘ፣ ሐምሌ ላይ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።» ከዚያ ሁለት ደረቅ እንጨት አንሥተው አጋጩና አሰሙኝ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ከአዲሱ ግንድ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ደግሞ አጋጩ፤ ዱብ ብለው ቀሩ። «እንዲያ ሲጮህ ደርቋል ማለት ነው» አሉ።

እሺ አልኳቸው። እሺ ለማለት ማን ይሰንፋል።

ጥር በጥምቀትና በሠርግ አለቀ። የካቲት ላይ መሥሪያ ቤታችን ቅዳሜንም ግቡ አለን። ማታ ማታ ዲፕሎማ ለመያዝ እማራለሁ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ጥየቃ፣ ለቅሶ፣ ዕድር። ግንዱን ስወጣም ስገባም አየዋለሁ፤ እሱም የሚያየኝ ይመስለኛል። መጥረቢያቸውን በትከሻቸው አድርገው «እንጨት የሚያስፈልጥ!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ፈላጮች ነበሩ። በቀለች ሁለት ጊዜ «ፈላጭ እንጥራ» አለችኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኳት፣ ሁለቴም። በአማቴ ዛፍ ላይ ሌላ ሰው መጥረቢያ ቢያነሣ ወሬው ጎጃም ድረስ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ተረት መስማትና በተረቱ መኖር ግን ለየቅል ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ጣለ። ግንቦት ላይ የበቀለች ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ነው ድንገት የባነንኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ክንዴ ይዝላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአልጋ እወርዳለሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ወደ እንጦጦ ለጭራሮ የሚወጡ ሴቶች ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው በደጄ ያልፋሉ። አንዲቱ ቆም ብላ ክምሩን አየችና «ወንድሜ፣ አሁን ነው እንዴ? ክረምቱ በር ላይ ቆሞ?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ዳገቷን ቀጠለች። ለወራት ተጋድሞ የከረመ ባሕር ዛፍ ከላይ ጠንክሮ ከውስጥ ውኃውን እንደያዘ ይቀራል። ሽብልቅ ካልገባበት አይከፈትም። ሲከፈት ያ የጉንፋን መድኃኒት የሚመስል ሽታው ቦግ ይላል፣ እርጥበቱም እጅ ላይ ይቀራል። ያ እርጥበት ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ መጨረስ ብቻ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዳቦ በሻይ አድርጌ ወደ መገናኛ እወርዳለሁ። ሰኔ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልፈለገው ፋይል በዚያ ወር ይፈለጋል። እጄ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ ብዕር ስይዝ ያቃጥለኛል። አንድ ቀን ለአለቃዬ ያቀረብኩት ደብዳቤ ጥጉ ላይ ደም ነበረበት። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «እንጨት ነው» አልኩት፤ ምን እንደመሰለው እንጃ። ማታ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። አውቶቡስ ላይ ቆሜ አንቀላፍቼ መውረጃዬን ያለፍኩት ሦስት ጊዜ ነው። ቤት ስደርስ በቀለች ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እራት ይቀርባል፤ እበላለሁ፤ አልጫወትም።

«ለእኔ ብለህ ነው የምትለፋው፣ እሱን አውቃለሁ» አለችኝ አንድ ምሽት። «እኔን ግን ካየኸኝ ሰነበትክ።»

እዚያው እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጨረስኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ፍልጡን ግድግዳው ሥር ደረደርኩና ትልቅ ላስቲክ ገዝቼ ከላይም፣ ከጎንም፣ ከሥርም ጠቅልዬ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ፋይል ሳስር የምውል ሰው አይደለሁ? እንደ ፋይል አሰርኩት። አንዲት ጠብታ አትገባበትም! ራቅ ብዬ እያየሁት ኮራሁ። ከውጭ ውኃ እንዳይገባ ስል ከውስጥ ያለው እንዳይወጣ መዝጋቴ ለቅጽበት እንኳ አልታሰበኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ መልቀሚያ ጊዜ ነበራት።

በቀለች ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ናት። በማግስቱ በኮንትራት ታክሲ ይዘናቸው መጣን፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው እልል ይላሉ። እማማ ሎሚ ቀደም ብለው መጥተው የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ የአጥሚቱን እህል ሁሉ አሰናድተዋል። የቀራቸው እሳት ነበር።

«እንጨቱ የት ነው?» አሉኝ።

በኩራት እየመራሁ ወሰድኳቸው። ገመዱን ፈትቼ ላስቲኩን ስገልጠው የሻገተ ቂጣ የሚመስል ሽታ ፊቴን መታኝ። ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦት ይንጠባጠባል። ፍልጡ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። እማማ ሎሚ ሁለቱን አንሥተው አጋጩ። ዱብ። የቻሉትን ያህል ታቅፈው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። አማች አይሰደብም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ አይነድም፤ በአንድ ጫፉ ያጨሳል፣ በሌላው አረፋ ይደፍቃል። ጭሱ ያቺን አጭር ግድግዳ ዘሎ አራስ ቤት ይገባል። በቀለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ሕፃኗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትተኛለች። ልጅቷ ታነጥስ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማሳል ጀመረች። ገንፎ በደከመ እሳት አይበስልም፤ ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል። በቀለች ሁለት ጉርሻ ወስዳ ሰሐኑን ትገፋዋለች። መብላት ስታቆም ወተቷ አነሰ፤ ሕፃኗ ጡት እንደያዘች ታለቅሳለች። እማማ ሎሚ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው እፍ ይላሉ፣ እፍ ይላሉ።

ያልሞከርኩት የለም። ላምባ የጠፋበት ሰሞን ነበር፤ ጎረቤት በሰጠን ጥቂት ላምባ ቢሠራ በቀለችን ሽታው አስመለሳት። ከገበያ አንድ ሸክም እንጨት ገዛሁ፤ ሲፈታ መሐሉ ያው እርጥብ ነው። ክረምቱ የጣለው በእኔ እንጨት ላይ ብቻ አልነበረም። ፈቃድ ብጠይቅ የመዝገቡ ርክክብ ሳያልቅ አይሆንም ተባልኩ። ጠዋት ልጄ ስታስል ሰምቼ እወጣለሁ፤ ማታ ስታስል እየሰማሁ እገባለሁ። በማን ልቆጣ? የፈለጥኩት እኔ፣ ያሰርኩትም እኔ።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አባባ ጉደታ መጡ። ካፖርታቸው ከዝናቡ የተነሣ ጠቁሮ ከብዷል። በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ሕፃኗ ስታስል ሰሙ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ክምሩን አዩት፣ ላስቲኩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አፍነውታል» አሉ። «እንጨት እኮ ነፋስ ይፈልጋል።»

«ጊዜ አጥቼ ነው፣ አባባ።»

«ጊዜማ ማን አለው» አሉና ወጥተው ሄዱ።

ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ግን ዳገቱን ሲወርዱ አየኋቸው፤ ትከሻቸው ላይ ረጅም ነገር አለ። ከሩቅ የቤት ማገር መሰለኝ። ሲቀርቡ ሞፈሩ ነው። ቀንበሩን በሌላ እጃቸው ይዘውታል። ሁለቱንም ማድ ቤቱ ደጃፍ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ይፍለጡት» አሉኝ።

«አባባ፣ ይሄንንማ አልችልም።»

«ደረቅ ነው፤ ስንት ዓመት ጣሪያ ሥር ከርሟል።»

«እሱን ማለቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ዝናቡን ነው ብዬ ለማመን ሞከርኩ፤ አላመንኩም። «ቤት እንዳለሁ ልፈልጠው መጥረቢያ አንሥቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ ያመጣሁት። የሚያርሰው መሬት የለም፤ ልጅቷ ደግሞ ታስላለች።»

እማማ ሎሚ ከማድ ቤት ብቅ ብለው መሬት ላይ ያለውን አዩ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው። አባባ ጉደታ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ እማማም ተመልሰው ገቡ።

መጥረቢያውን አነሣሁ። ያን ሁሉ ጠዋት ስፈልጥ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ቀንበሩ ላይ የበሬ አንገት ሲያሸው ኖሮ ያለሰለሰው ቦታ ነበር፤ እሱን ላለመምታት በሌላው ጎን ዞርኩ። በመጀመሪያው ምት ተሰነጠቀ። ጮኸ። ያን ድምፅ ሲሰሙ አባባ ጉደታ አንገታቸውን ደፉ። ቀንበሩም ሞፈሩም ተፈልጠው እስኪያልቁ ከድንጋዩ አልተነሡም።

«ለበቀለች አይንገሯት» አሉኝ ሲሄዱ። «አራስ ናት፤ ታዝናለች።»

እሳቱ ወዲያው ያዘ። እማማ ሎሚ በቁጠባ ነው ያነደዱት። ከደረቁ ጥቂት ጥቂት እያነሡ፣ የእኔን እርጥብ ፍልጥ ምድጃው ዙሪያ እያቆሙ፣ የዛሬው ሙቀት የነገውን እንዲያደርቅ እያደረጉ ሁለት ሳምንት አደረሱት። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበት ሲቀርብ በቀለች ሰሐኑን ጠርጋ በላች።

«ዛሬ ጣፈጠኝ» አለች። «ጭሱም ቀረ። ደረቅ እንጨት ከየት መጣ?»

እማማ ሎሚ ወደ ማማሰያቸው አቀረቀሩ።

«ተገኘ» አልኩ።

የልጅቷ ሳል በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀቃት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በሳምንቱ፣ ጥቅምት ሲገባ፣ የበቀለች ወላጆች ዘንድ ይዘናት ወጣን። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ጠንክሯል፤ ከቤቶቹ መሐል በቀረች ቁራጭ ማሳ ላይ ባቄላ አብቦ ይሸታል። በቀለች ልጇን አዝላ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆመች። ከክፈፉ ሥር ሁለቱ ችካሎች ባዷቸውን ናቸው። ሞፈሩ የነበረበት ግድግዳ ከሌላው ነጣ ብሎ፣ ረጅም ሆኖ ይታያል። አየችው። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ገብታ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ከወትሮው ቆየት ብላ ነው ቀና ያለችው። ምሳ በላን፣ ተጫወትን።

ስንመለስ መንገድ መሐል ቆመች።

«ልጅ ሆኜ መስከረም በመጣ ቁጥር አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

«ጣፈጠኝ ብዬህ ነበር እኮ! እንዴት ዝም ትለኛለህ?»

«እንዳልነግርሽ ለምነውኝ ነው።»

«እሺ፣ ከዚያ በፊትስ? ፈላጭ እንጥራ ስልህ?»

ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ «ከእንግዲህ እንጨት በጥቅምት ይፈለጣል» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አንሥታብኝ አታውቅም። እኔም አንድ ጥቅምት አላለፈኝም። ዝውውር መጣ፣ ሹመት መጣ፣ ጡረታ መጣ፤ ቆጣሪ ገባ፣ ምድጃ ተገዛ። አባባ ጉደታም እማማ ሎሚም አርፈዋል፤ ደጃፋቸው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ወገቤም የያኔው አይደለም።

ሥራውንም፣ ቤቱንም፣ እንጨቱንም እኩል ይዤ እዘልቃለሁ ብዬ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ዝናብ ላይ መቅረቱ አይቀርም። ለረጅም ጊዜ ዝናብ ላይ የቀረብኝ እንጨቱ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰኔ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኝ የነበረችው በቀለች ናት ዝናብ ላይ የቀረችው። ይህን ነግሬያት አላውቅም። መንገር ነበረብኝ።

ትናንት ከአምናው ፍልጥ አንድ ማዳበሪያ ሞልቼ በባጃጅ ትዕግሥት ዘንድ ሄድኩ። አራቱን ፎቅ የወጣሁት በየደረጃው እየተቀመጥኩ ነው። በሩን ስትከፍት «ውይ አባዬ!» ብላ ልትቆጣ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። ማዳበሪያውን በረንዳው ላይ ከሲሊንደሩ ጎን አስቀመጥነው። ውኃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ነገርኳት፤ ስለ አያቷ ዛፍ፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ሳሏ፣ ስለ ሞፈሩ።

ከዚያ ሆዷን ደግፋ ተነሣችና ወደ በረንዳው ወጣች። ከማዳበሪያው ሁለት ፍልጥ መዝዛ አጋጨቻቸው። ድምፁ ጥርት ብሎ እኔ እስካለሁበት መጣ። ደግማ አጋጨቻቸው።

«ደርቋል አባዬ» አለችኝ።

ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደገፍኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቁጭ ብዬ የማላውቅ ይመስል ድካሜ ሁሉ ያኔ ወረደብኝ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።